ሰም የጠጣ ክር

እትዬ ታደለች በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ዋሽታ አታውቅም ይላሉ። ዋሽታለች። ያውም በስብሰባ ላይ፣ ሁለት መቶ በሚሆን ሰው ፊት። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ማንም አያስረዳኝ።

ይህን የምለው ባለፈው ሳምንት ቀብሯ ላይ የሰማሁት ስብከት ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ ነው። ሰባኪው ወጣት ነው፤ እሷ የሰው ልጅ ስታሳድግ እሱ ገና አልተወለደም። «ከእኅታችን አንደበት ሐሰት ወጥቶ አያውቅም» አለ። ሰዉ «አሜን» አለ። «ልጆችን አብዝታ ትወድ ነበር» ሲልም «አሜን» ተባለ። እኔ ከኋላ፣ የኪራይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ሲሞትብን ለምን ሌላ ሰው አድርገን እንደምንቀብረው አስብ ነበር። ልጆች እሷን ያደክሟት ነበር። ጩኸታቸው ያማት ነበር። «ልጅ ማለት አፍ ነው» ትል ነበር፤ «ከውጭ ያለቅሳል፣ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ የቀረው ጌጥ ነው።»

ያወቅኳት በደርግ ጊዜ ነው፤ አብዮቱ ሰባት ስምንት ዓመት ሆኖት፣ ፎካሪውም የተፎከረበትም ደክሞት በነበረበት ወቅት። ቀበሌያችን ከንፋስ ስልክ ወደ ላፍቶ በሚወርደው በኩል ነበር። ያኔ ላፍቶ ማለት ማሳ ነው፤ አጥሩን አልፈህ ሁለት እርምጃ ከሄድክ በቆሎ ውስጥ ነህ። ቀበሌው ከአንድ የተወረሰ ቪላ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ከፍቶ የፋብሪካ ሠራተኞችንና የገበሬዎችን ልጆች አንድ ላይ ያውል ነበር። ሠላሳ አራት ልጆች። እሷ ሞግዚት ነበረች፤ እኔ ደግሞ መዝገቡ ሥር መጽሐፍ ደብቄ የማነብ የሃያ ሦስት ዓመት ጸሐፊ።

ረጅምና ቀጭን የወላይታ ሴት ነበረች። ሰው ሲያናግራት ዓይኑን አታይም፤ አፉን ነው የምታየው። አዲስ ሰው ይህን ሲያይ ወይ አላመነችኝም ወይ አትሰማም ይላል። ጥርስ እየቆጠረች ነው። ከእኔ ጋር በተዋወቅን በሦስተኛው ቀን፣ ስለ ደመወዝ መዘግየት እያማረርኩ ሳለሁ፣ «በግራ በኩል ከታች የመጨረሻዋ ሄዳለች፤ አጠገቧ ያለችውን አድናት» አለችኝ። አላዳንኳትም።

ሀገሯ ሳለች የሚሲዮን ክሊኒክ ውስጥ ሠርታለች። ፈረንጁ የጥርስ ሐኪም ይነቅላል፣ እሷ ሳህን ትይዛለች። «ሰባት ዓመት ሳህን ይዣለሁ» ትል ነበር፤ «እዚያ ውስጥ የወደቀው ጥርስ ቢዘራ ይሄ የምታየው ማሳ አይበቃውም።» ሐኪሙ መንቀል ሲሰለቸው አንድ ነገር አስተማራት፦ በጥርስና በጥርስ መሀል ክር ማስገባት። እሷ ከዚያ በኋላ ሌላ እምነት ቢኖራትም፣ ይህ ሁለተኛው ነበር ማለት እችላለሁ።

«መፋቂያ ፊት ለፊት ያለውን ያነጣል» ትላለች፤ «ሌባው ግን የሚደበቀው መሀል ነው።»

«ስኳር እንኳ በራሽን በሆነበት ሀገር ጥርስ ምን ያበሰብሰዋል?» አልኳት አንድ ቀን፤ ብልህ የመሰለኝ ጥያቄ ነበር።

«ዳቦም ይበሰብሳል፣ ከተቀመጠ። አንተ ዳቦ አትበላም?»

አሠራሯን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ማሳየት እችላለሁ። ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ልጁ ጀርባውን ሰጥቷት ጉልበቷ መሀል ይቆማል፤ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ያስደግፋል፤ እሷ ከላይ ወደ ታች አፉ ውስጥ ታያለች። ክንድ የሚያህል ክር ትቆርጥና ጫፍና ጫፉን በመሀል ጣቶቿ ላይ ትጠመጥማለች። ሁልጊዜ ከኋለኛው ጥርስ ትጀምራለች፣ «ፊተኛውን እናቱም ታየዋለች» እያለች። ክሩን ወደ ታች አትጫነውም፤ እንደ መጋዝ ቀስ እያደረገች ታስገባዋለች፤ ድዱ ጋ ሲደርስ ትቆምና ጥርሱን በክሩ አቅፋ ወደ ላይ ትጠርጋለች። ለሚቀጥለው ጥርስ ከክሩ ያልተነካውን ታዞራለች። አንዱ የተጠቀመበት ክር ለሌላው አይደርስም፤ እዚያው ይቃጠላል። በዚህ ቀልድ አታውቅም።

ልጁ ብቻውን እንዲሠራ አትተወውም ነበር። «ቁልፉን በራሱ መቆለፍ ያልቻለ ልጅ ጥርሱን በክር ማጽዳት አይችልም» ትላለች። ግን እጁን በእጇ ይዛ ታለማምደዋለች። ለልምምድ ደግሞ የበቆሎ እሸት ነበራት። ገበሬዎቹ ልጆቻቸውን ሲያመጡ እሸት ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ ትፈለፍልና ሁለት ረድፍ ብቻ ታስቀራለች። ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠው በበቆሎው ፍሬና ፍሬ መሀል ክር ያስገባሉ። ፍሬው ከተነቀለ «ገደልከው!» ትላለች። ካልተነቀለ ምንም አትልም። ምስጋናዋ ዝምታ ነበር፤ ልጆቹም ያን ዝምታ ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ።

እናቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዷ፣ ድዷን የተነቀሰች ደልደል ያለች የላፍቶ ሴት፣ ሴት ልጇን እየጎተተች መጣች።

«እትዬ ታደለች፣ የእኔዋን ኋላ ኋላውን ተይው፤ የፊቶቹን ሁለቱን ብቻ አጥብቀሽ ሞርጂልኝ።»

«ለምን?»

«ፍንጭት እንዲወጣላት ነዋ! ክሩ ያሰፋዋል እያሉ አይደል?»

እትዬ ታደለች ልጅቷን አየች፣ እናቲቱን አየች። በጣም የደከመ ሰው አስተያየት ነበር።

«ፍንጭት እግዜር ነው የሚሰጠው፤ እኔ ሥጋ ነው የማወጣው።»

«እሱ ያልሰጣት እንደሆነስ?»

«ጥርስ ይኖራታል። ይበቃታል።»

ሴትዮዋ ተቆጥታ ሄደች፤ በማግስቱ ግን ልጅቷን መልሳ አመጣች። ተስፋ አልቆረጠችም ነበር መሰለኝ።

ደረቅ የጥጥ ክር ይሰነጠቃል፣ ጥርስ መሀል ገብቶም ይቀራል። ስለዚህ እትዬ ታደለች በእንዝርት የፈተለችውን አጥፋ ታከርርና፣ ቀቅላ አድርቃ ሰም ታጠጣዋለች። ሰሙን የምታገኘው ከጠጅ ቤት ነው፤ ጠጅ ተጠምቆ ሲያልቅ የሚቀረውን ሰፈፍ በጓሮ በር ትገዛና አንጥራ ሰም ታወጣበታለች። የጠጅ ቤቱን የፊት በር በሕይወቷ ረግጣው አታውቅም። ለዚያም ምክንያት ነበራት፤ ነገሩ ሁሉ የመጣውም በእሱ ነው።

ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲቆሙ እንዳይሰለቹ አንድ ዜማ ታሰማቸው ነበር። ቃል የለውም፤ አፍ ተከፍቶ ቃል አይባልም። ልጁም እሷም በአፍንጫ ያንጎራጉራሉ፤ ዜማው እስኪያልቅ ክሩ አይወጣም። ያን ዜማ ሌላ ቦታ ሰምቼዋለሁ። ከተከራየሁበት ክፍል ጀርባ አንድ ቤት ነበር። እሑድ ከሰዓት መስኮቱ ይዘጋል፣ ሬዲዮው ይጮሃል፤ ከሬዲዮው ጩኸት ሥር ግን ጆሮ ለሰጠ ሰው ሌላ ድምፅ አለ። ጴንጤዎች ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። የተገኘ ይታሰራል፤ ታስሮ የወጣውም እንደገና ይታሰራል። ዜማው የእነሱ መዝሙር ነው።

አንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን ጠብቄ፣ «እትዬ ታደለች፣ ያ ዜማ...» አልኳት።

ክር እየጠመጠመች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ጆሮህ ረጅም ነው። እጅህ እንዳይረዝም።»

«ሌላ ዜማ ቢሆን አይሻልም? ስንት ዘፈን አለ።»

«ዘፈን አልችልም። የማውቀው ይሄንኑ ነው።»

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ሌላ ዜማ ስለማታውቅ ብቻ ነበር። ከሠላሳ አራቱ ልጆች አምስቱ መስኮቱ በሚዘጋው ቤት የሚሰበሰቡ ሰዎች ልጆች ናቸው። እነሱ ቃሉንም ያውቁታል። ያ ነበር ችግሩ።

ጓድ መንገሻ የቀበሌው ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው ነው ብዬ ልጽፍ እችላለሁ፤ ዛሬ እንዲያ መጻፍ ምንም አያስከፍልም። እውነቱ ግን ሥራ የሚፈልግ ሰው ነበር። በየወሩ አንድ አሻጥር አግኝቶ ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ ቀበሌያችን ደግሞ ድሃ ስለሆነ አሻጥር እንኳ እንደ ልብ አይገኝበትም። አንድ ቅዳሜ ጠጅ ቤት ተቀምጦ ብርሌውን ጨብጦ ሳለ፣ እትዬ ታደለች በጓሮ በር ሰፈፍ ስትቀበል አያት። ሰፈፍ የሚገዛ ሰው ማነው? ጧፍ የሚሠራ ነው። ይህን ማንም ያውቃል። ጓድ መንገሻ ሰኞ ጠዋት መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ መጣ። በመስኮት ሲያይ ሠላሳ አራት ልጆች ክብ ሠርተው፣ ሰም የጠጣ ክር በጣታቸው ጠምጥመው ተቀምጠዋል። ከዚያ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ ዳኛ በዚያ ዘመን አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ሂስና ግለ ሂስ ተጠራ። ስብሰባ ሁልጊዜ እሑድ ጠዋት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። እኔ ከፊት፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ መዝገቤን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

«ጓድ ታደለች፣ ሰፈፍ ትገዣለሽ?» አለ ጓድ መንገሻ።

«እገዛለሁ።»

«ክርስ?»

«እፈትላለሁ።»

«እንግዲህ ጓዶች፣ ሰፈፍና ክር ሲገናኙ ምን ይሆናል?»

«ጧፍ!» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፤ እንደ እንቆቅልሽ ቸኩሎ። ሰዉ ሳቀ።

«የሠርቶ አደሩን ልጆች ሰብስበሽ፣ በመንግሥት ጣሪያ ሥር፣ ጧፍ እያሠራሽ ትሸጫለሽ። ብዝበዛም ነው፣ አድኃሪነትም ነው። ምን ትያለሽ?»

«ለጥርሳቸው ነው» አለች። «መሀል መሀሉን የሚጸዳበት።»

«ጥርስ በክር? ጥርስ ይሰፋል እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ሳቁ እስኪያልቅ አፎቹን እያየች ቆመች። ምናልባት ትቆጥር ነበር።

እዚህ ላይ የነበረችበትን አጣብቂኝ ልንገራችሁ። ከጧፉ ክስ የሚያወጣት አንድ መልስ ነበር፦ «እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ጧፍ አልሠራም፣ አልሸጥም፣ አላበራም።» ማንም ይህን ሊያስተባብል አይችልም ነበር። በዚህ መልስ ግን ከትንሹ ክስ ወጥታ ትልቁ ውስጥ ትገባለች፤ እሷ ብቻም አይደለችም። ስለዚህ ዝም አለች።

ጓድ መንገሻ በዝምታዋ ረክቶ ሊጨርስ ሲል አንዲት እናት፣ ያቺው የፍንጭቷ ሴት፣ ከመሀል ተነሳች። «ኧረ እውነቷን ነው፣ ጓድ! ጥርሳቸውን ነው የምትሞርድላቸው። ልጆቹን ጠይቁ!» አለች። መርዳቷ ነበር።

«መልካም» አለ ጓድ መንገሻ። «ከልጆቹ አንዷ ትምጣና ታሳየን።»

በአጠገቡ የተገኘችው ሰናይት ነበረች። አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። እናቷ መስኮቱ ከሚዘጋው ቤት ናት። ሴትዮዋ የልጅቷን ቀሚስ ሁለት ጊዜ መልሳ ይዛ ነው የለቀቀቻት። ሰናይት ግን ደስ ብሏታል፤ ያን ያህል ሰው አይቷት አያውቅም። ማስረጃ ሆኖ የመጣውን ክር ተቀበለች፣ በጣቶቿ ላይ ጠመጠመች፣ አፏን ከፍታ አስገባችው። እንደለመደችውም ማንጎራጎር ጀመረች።

የመጀመሪያውን መስመር ጨረሰች። ሁለተኛውን ያዘች።

ጓድ መንገሻ ፈገግ አለ። ልጆች ይወድ ነበር፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው። «ዘፈንም አላት! በይ እስቲ ሚሚዬ፣ ክሩን አውጪና ከነቃሉ ዝፈኝልን።»

ሰናይት ክሩን አወጣች።

«ጓድ ሰብሳቢ» አለች እትዬ ታደለች፤ ድምፅዋን አልጨመረችም፤ «ልጅቷን ተዋት። ጧፍ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ጧፍ ነው። ሠርቼ እሸጣለሁ። ልጆቹን ክር አስይዤ አሠራቸዋለሁ። ጥርስ ያልኩት ውሸት ነው።» ከዚያም ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን የግለ ሂስ ቃል፣ ስለ ንቃት ማነስና ስለ ኋላ ቀር አመለካከት፣ አንድም ሳትስት ጨረሰችው።

እስክሪብቶዬን አንስቼ ቀረሁ። ወደ እኔ ዞረች፤ እንደ ልማዷ አፌን አየች። ከእሱ ምን ሊወጣ እንደሚችል እያሰበች ነበር። «ጻፍ እንጂ፣ ልጄ» አለችኝ።

ጻፍኩ። ጓድ መንገሻም «ለሐቀኝነቷ እናጨብጭብላት!» አለ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ሰናይት እናቷ ጭን ላይ ተመልሳ ለእሷ የተጨበጨበ መስሏት ትስቅ ነበር።

ሁለት ሳምንት በቀበሌው እስር ቤት ቆየች። ስትወጣ ወደ ቀበሌው ወፍጮ ቤት ተዛወረች፤ ልጆች አጠገብ እንዳትደርስ በቃለ ጉባኤ ተወሰነ፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ። የተረፈው ክር ተቃጠለ። ከዚያ የከፋው ግን ከራሷ ሰዎች መጣ። ታደለች ለማታምንበት መቅደስ ጧፍ ስትሸጥ ኖራለች የሚለው ወሬ ደረሳቸውና ከጉባኤያቸው ለብዙ ጊዜ አራቋት። የሰናይት እናት እውነቱን ታውቃለች፤ ግን ልጄ መዝሙሩን በቀበሌ አዳራሽ አንጎራጎረች ማለት አልደፈረችም። እኔም አውቃለሁ፤ እኔም ምንም አልደፈርኩም። እሷ ራሷ ለምን አላስረዳችም ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ጠይቄያታለሁ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳ፣ «አንድ ጊዜ አስረድቼ አየሁት እኮ፤ ሳቁብኝ» አለችኝ።

ደርግ ወደቀ፤ ጸሎት ቤታቸው ተከፈተ፤ የረሱትን ረስተው ተቀበሏት፤ በመጨረሻም ዋሽታ የማታውቅ አድርገው ቀበሯት። በዚህ መሀል፣ ማሳው ሁሉ ቤት ሆኖ ካለቀ በኋላ፣ ላፍቶ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። አርጅታለች። እኔም አግብቼ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። ስለዚያ እሑድ ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ፣ ለብዙ ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ።

አቋረጠችኝ። «ልጆችህ ጥርሳቸው እንዴት ነው?»

«ደህና ናቸው። ይቦርሻሉ።»

«መሀሉስ?»

ከኪሴ የታክሲ ሳንቲም መፈለግ ጀመርኩ። ፊቷን ወደ ሰልፉ መለሰች።

«ያን ጊዜ ሠላሳ አራት እናት ነበረች» አለች። «ክር የሌለው ቤት አልነበረም። እኔን ቢያባርሩኝ በየቤታቸው ይቀጥላሉ ብዬ ነበር። አንዷም አልቀጠለችም። ወፍጮ ቤት እህል ይዘው ሲመጡ እጠይቃቸው ነበር። አንዷም።»

«ፈርተው ነዋ፣ እትዬ ታደለች።»

«ያኔስ ፈርተው። አሁንስ?»

ታክሲው መጣ፤ ገባች። ተከትያት ልገባ እችል ነበር፤ ቦታ ነበረ። ሌላ ጠበቅኩ።

ከዚያ በኋላ እኔ ምን እንዳደረግኩ የእኔ ጉዳይ ነው፤ ልጆቼም አድገዋል። የእናንተ ግን ገና ትናንሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለ እሷ አትዘኑልኝ፣ ደግ ሰው ነበረች ብላችሁም አትጻፉልኝ፤ የዚያ ዓይነት ቃል በቀብሩ ዕለት ከበቂ በላይ ተብሏል። ይህን አስቀምጡትና ልጃችሁን ጥሩት። አፉን ክፈቱ። ክር የለንም አትበሉ።